ሲቪል ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የት ልማር? ርካሹ ኮሌጅ ወይስ ላብራቶሪ ያለው?

ወዳጆቼ ይህን ጥያቄ ሲያመጡልኝ ብዙውን ጊዜ የሁለት ኮሌጆች የክፍያ ዝርዝር በእጃቸው ነው። አንዱ ረከስ ያለ፣ ትምህርቱም በአብዛኛው በኦንላይን። ሌላው ወደድ ያለ፣ የራሱ ላብራቶሪ (ላብ) ያለው የቴክኒክ ኮሌጅ። ሳልደብቅ ልናገር፤ እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ርካሹን አይቼዋለሁና። ሁለት ዓመት የተማርኩበት ኮሌጅ ብሮሹሩ ላይ "ዕውቅና ያለው" የሚል ጽሑፍ ነበረው። ዕውቅናው ግን የኮሌጁ እንጂ የትምህርት ክፍሉ አልነበረም። ወደ አራት ዓመቱ ዲግሪ ልዛወር ስል ከ60 ክሬዲት 27ቱ ብቻ ተያዘልኝ። የቀረው 33 ክሬዲት እንደገና ተከፈለበት። ስታቲክስ ሁለት ጊዜ፣ ቅየሳ ሁለት ጊዜ። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ሄደ፤ የቤት ኪራዩና ሠርቼ ላገኘው የምችለው ደመወዝ ሳይቆጠር። በርካሽነቱ ያተረፍኩት ሁሉ እዚያው ቀለጠ።

ስለዚህ የአንድ ክሬዲት ዋጋ አያታላችሁ። ዲግሪው እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ያለውን ደምሩ፦ የላብ ክፍያ፣ መጻሕፍት፣ ሶፍትዌር፣ ከሁሉም በላይ የማይያዝ ክሬዲት። የዝውውር ስምምነት አለን ካሏችሁ በየኮርሱ ስም ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። በቃል የተነገረኝ ነገር አንዱም አልጠቀመኝም።

ዕውቅናውንም አጣሩ። ለምሳሌ ኤቤት የተባለው የአሜሪካ ዕውቅና ሰጪ የሚመዝነው ፕሮግራምን እንጂ ተቋምን አይደለም። የቴክኖሎጂ ፕሮግራሞችን የሚያየው ኮሚሽንም ከኢንጂነሪንጉ የተለየ ነው። የየአገሩ ዕውቅና ሰጪዎች አንዱ የሌላውን ዕውቅና የሚቀበልባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም እንዲሁ ተለያይተዋል፦ የ1989ኙ የዋሽንግተን ስምምነት ለኢንጂነሮች፣ የ2001ዱ የሲድኒ ስምምነት ለቴክኖሎጂስቶች፣ የ2002ቱ የደብሊን ስምምነት ለቴክኒሻኖች። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ግዛቶች ለሙያ ፈቃድ የቴክኖሎጂ ምሩቁን ረዘም ያለ የሥራ ልምድ ይጠይቁታል፤ ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። ህልማችሁ ስትራክቸር ዲዛይን አድርጎ መፈረም ከሆነ ሁለቱንም ትታችሁ ኢንጂነሪንጉን ተማሩ። ሳይት፣ የጥራት ቁጥጥርና ቅየሳ ከሆነ ግን የቴክኒክ ኮሌጁ ይበልጥባችኋል።

ወደ ላቡ ልመለስ። እኛ ለመላው ክፍል አንድ ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ነበረን። ባትሪው ግማሽ ሰዓት አይቆይም፣ ካሊብሬት የተደረገበትን (ልኬቱ ትክክል መሆኑ የተፈተሸበትን) ቀን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መምህሩ ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን። የስላምፕ ኮኑን፣ ያልደረቀ ኮንክሪት ምን ያህል ቀጭን ወይም ወፍራም እንደሆነ የሚፈተሽበትን ሾጣጣ ቅርጽ፣ ያየሁት በሥዕል ነው። ሳይት የገባሁ ሰሞን ፎርማኑ ሙላው ሲለኝ ባንዴ ሞላሁት። በሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ 25 ጊዜ በዘንግ እየተወጋ እንደሚሞላ እጄ አያውቅም ነበር። ናሙናው ተጣለ፣ የኮንክሪቱ መኪና ቆሞ ጠበቀ። ያንን ቀን አልረሳውም።

ከመመዝገባችሁ በፊት የላብ ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን ሂዱ። አንድ መሣሪያ ለስንት ተማሪ እንደሆነ ቁጠሩ። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚፈተንበት መጭመቂያ ማሽን ላይ የካሊብሬሽን ወረቀት ካለ ቀኑን አንብቡ። ከዚያ የውሃ ገንዳውን ክፈቱልን በሉ። የተማሪ ስምና የተሞላበት ቀን የተጻፈባቸው፣ ለጥንካሬ ፈተና 7 እና 28 ቀናቸውን የሚጠብቁ የኮንክሪት ሲሊንደሮች ውስጡ ካሉ፣ ክፍያው ትንሽ ቢበልጥም እዚያ ተመዝገቡ።