የጊታር ፔዳል ቦርድ፦ ከሼንዘን ወይስ ከኦሪገን?

አሜሪካ ሆኖ ቤቱ ውስጥ የጊታር ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታርን ድምፅ የሚቀይር ሣጥን) የሚሠራ ሰው ሰርኪዩት ቦርዱን፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ የሚበየዱበትን ሰሌዳ፣ የሚያሠራባቸው ሁለት የታወቁ ድርጅቶች አሉ፦ በቻይና የሼንዘኑ ጄኤልሲፒሲቢና በአሜሪካ የኦሪገኑ ኦሽ ፓርክ።

በዋጋ ሼንዘንን የሚደፍር የለም። ከ100 በ100 ሚሊሜትር ያልበለጠ ባለሁለት ንብርብር ቦርድ፣ 5 ፍሬው 2 ዶላር አካባቢ ነው። ኦሽ ፓርክ ለ3 ፍሬ በካሬ ኢንች 5 ዶላር ያስከፍላል፤ 2 በ2 ኢንች የሆነች የፈዝ (ድምፅን የሚያሻክር ፔዳል) ቦርድ 20 ዶላር ትፈጃለች ማለት ነው። ግን 2 ዶላሩ ያታልላል፤ ማጓጓዣው ከቦርዱ ሊበልጥ ይችላል። ከሜይ 2 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ከ800 ዶላር ለማይበልጥ የቻይና ዕቃ የነበረው የቀረጥ ነጻ መብት ቀርቷል።

የኦሽ ፓርክ ሐምራዊ ቦርድ የመበየጃ ነጥቦቹ ወርቅ የተለበጡ ናቸው፤ ያምራል። ሣጥኑ ከተዘጋ ግን ማን ያየዋል? ድምፁም ያው ነው። ቦርዶቹ ሲነጣጠሉ ጠርዙ ላይ የሚቀሩትን ጥርሶችም መሞረድ ያስፈልጋል። የቻይናው ርካሽ ልባጥ እርሳስ ያለበት ቆርቆሮ ነው፤ ለእጅ ብየዳ ይመቻል፣ ሲጨርሱ እጅን መታጠብ ነው።

ንድፉ ገና ካልተፈተነ እኔ ከኦሪገን 3 ፍሬ ይበቃኛል፤ የትራንዚስተሩን እግር አገላብጬ ስዬ 5 ቦርድ የጣልኩበትን ቀን አልረሳም። የተፈተነውን፣ ለጓደኞቼም ጭምር ሲሆን፣ ከሼንዘን አዛለሁ።