ጣና ላይ ጀልባ ኪራይ በገና ማግስት፣ ከነቤተሰብ ለምትሄዱ

ባጭሩ ለሚፈልግ፦ ካፒቴኑ ከ5 5፣ ጀልባዋ ከ5 3፣ መሀል የገባው ደላላ ዜሮ። ጊዜ ያለው ይቀጥል።

ወንድሜ ለገና ከካናዳ ከነሚስቱ ከነልጆቹ መጥቶ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ያለፈውን የፈረንጆች ገና ካሪቢያን ላይ በሸራ ጀልባ ነው ያሳለፉት፣ ቶርቶላ ከምትባል ደሴት ተከራይተው፣ እና ከመጣ ጀምሮ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። እዛ ጀልባው ራሱ ቤት ነው፣ መኝታውም ኩሽናውም ውስጡ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ከደሴት ደሴት እያልክ መልህቅ ጥለህ እዛው ታድራለህ። መንዳት እችላለሁ ካልክ ልምድህን ጽፈህ ታቀርብና ራስህ ትይዘዋለህ፣ ካልቻልክ ካፒቴን በቀን ሂሳብ ትቀጥራለህ፣ አብሳይም ከፈለክ አለ። የነሱ ገናና አዲስ ዓመት ሳምንት ደግሞ የዓመቱ ውድ ሳምንት ነው። ሚስቱ ግን ከጎን ሆና ወሬውን እያስተካከለች ነበር፣ በዛ ሰሞን የሚጠነክር ንፋስ አለ፣ የገና ንፋስ ነው የሚሉት፣ እና እኔ ከባህሩ ይበልጥ ያየሁት የያዝኩትን ፌስታል ነው ትላለች። በቃ እኔም ና ጣናን እናሳይህ አልኩት።

ከመጀመሪያው ግልጽ እንዲሆን፣ ጣና ላይ ሸራ የለም፣ ጀልባ ላይ ማደር ምናምንም የለም። የምትከራዩት ሞተር ያላት፣ ከላይ ጣራ ያላት፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት ጀልባ ናት፣ ካፒቴኑና ነዳጁ ጨምሮ ለግማሽ ቀን ወይ ለሙሉ ቀን የናንተ ትሆናለች። ዋጋ እዚህ አልጽፍም ምክንያቱም ከነዳጅ ጋር ይወጣል ይወርዳል (ይወርዳል ስል እኔም ሳቄ መጣ)። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ነው፣ አስጎብኚ ከያዛችሁም ለብቻው፣ ስለዚህ ጠቅላላ ነው ሲሏችሁ ምን ምን እንዳለበት በደንብ ጠይቁ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ገና ዕለት አትሞክሩት። ካፒቴኖቹም የቤተሰብ ሰዎች ናቸው፣ ሌሊቱን ቤተክርስቲያን አድረው ነው የሚመጡት፣ ማን ነው በዛ ቀን ሞተር የሚያስነሳ። ከገና በፊት ከሄዳችሁ ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ጀልባ ላይ ከተነሳ ዘጌ ድረስ አያልቅም። እኛ ማግስቱን ነው የመረጥነው፣ ጾሙ ተፈቷል፣ የዶሮ ወጡ ትራፊ አለ፣ ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል።

አሁን ወደ ደላላው። ሆቴል በር ላይ ያገኘነው ልጅ ነው፣ ስልኩ ላይ አዲስ የምትመስል፣ ወንበሯ ስፖንጅ ያለው፣ መጋረጃ ሁሉ ያላት ጀልባ አሳየንና ቀብድ ተቀበለ። ጠዋት ስንደርስ ሌላ ጀልባ ናት የቆመችው። ያቺ የት አለች ስንለው ለጥገና ወጥታለች። እሺ ይሁን፣ ይሄም ባልከፋ፣ ግን ፓኬጅ ብሎ የሸጠልን መስመር ክብራን ገብርኤልን ይዟል። ክብራን ሴት አይገባም፣ ይሄ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ የማያውቅ የባህር ዳር ሰው የለም፣ እኛ ደግሞ እማዬ፣ እኔ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ሴት ልጁ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ ሴቶች ነን። ፊታችን እያየ ነው የሸጠልን! ወንዶቹ ሲሳለሙ እኛ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ማለት ነው። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዛው ነው፣ የነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የነ አፄ ፋሲለደስ አጽም ያለበት፣ ለወንዶች ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሴቶች ያላችሁ ሰዎች መስመሩን ራሳችሁ ምረጡ።

ያዳነን ካፒቴኑ ነው። ዕድሜው ጠና ያለ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው፣ ወረቀቱን አየና እማዬን «እማማ፣ ክብራንን እንተወውና እንጦስ ኢየሱስ ላውርድዎት፣ አጠገቡ ነው፣ እዛ ሴትም ይገባል» አላት። ተጨማሪ ብር አልጠየቀም። ከዛ የላይፍ ጃኬቱ ጉዳይ ተነሳ፣ የአዋቂ በቂ አለ፣ የልጅ የሚባል ግን አንድም የለም፣ አንዱን የአዋቂ ለትንሹ ልጅ ሲያለብሱት እስከ ጉልበቱ ወረደ፣ ማሰሪያውም ተበጥሷል። ካፒቴኑ ምንም ሳይል ወርዶ ከጎን ካለው ጀልባ የልጅ ልክ ይዞ መጣ፣ የሁለቱንም ልጆች ቀበቶ ራሱ አሰረ፣ ጎትቶ ሞከረው፣ ከዛ ነው ሞተር ያስነሳው። ጀልባዋን ከ5 3 ያልኳት ለዚህ ነው፣ የሰው ጃኬት ተውሰን ነው የሄድነው።

ጉዞው ራሱ የምር ደስ ይላል። በጠዋት ጣና ጸጥ ያለ ነው፣ ብርድ ግን አለ፣ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጋቢ ያዙ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ያው ከፍታ ፀሐዩን ያብሰዋልና ኮፍያ ያዙ። መጀመሪያ ወደ አባይ መውጫው ወሰደን፣ ደብረ ማርያም አካባቢ፣ እና እዛ ሞተሩን አጠፋው። ለምን አጠፋኸው ሲለው ወንድሜ በአገጩ ብቻ ወደ ደንገሉ አሳየው። ሁለት ጆሮ። ከዛ አፍንጫ፣ ፉፍ አድርጎ ውሃ ተፋ፣ ከዛ ሌላ ጆሮ ከኋላው። ጉማሬ! ልጆቹ ሊጮሁ ሲሉ እናታቸው አፋቸውን ያዘች። ካፒቴኑ ከዚህ በላይ አልጠጋም አለ፣ ደላላው ግን ስር ድረስ ነው የሚወስዳችሁ ብሎን ነበር፣ እና ጉማሬ ስር ድረስ የሚወስዳችሁ ካፒቴን ካገኛችሁ ሌላ ፈልጉ። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ደግሞ በጎናችን አለፉ፣ ከደንገል የተሠራች፣ ግማሽዋ ውሃ ውስጥ ያለች የምትመስል፣ የወንድሜ ልጅ እየሰመጡ ነው ብሎ ደነገጠ።

ወንድሜ እምቦጩ የት አለ ብሎ ሲጠይቅ ነበር፣ ዜና ላይ አይቶ ሀይቁ በሙሉ የተሸፈነ መስሎት። አረሙ በብዛት ያስቸገረው በሰሜን ምስራቁ ዳርቻ፣ በነ ደንቢያ በኩል ነው፣ እኛ በሄድንበት መስመር አላየነውም።

ዘጌ እስክትደርሱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምህረት የሚወስደው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ ነው፣ እማዬ ቀስ እያለች ወጣችው፣ ጥላ ስለሆነ አይከብድም፣ ብቻ በመንገዱ ግራና ቀኝ እቃ የሚሸጡት ሰዎች ለፈረንጅና ለዲያስፖራ የሚጠሩት ዋጋ ሌላ ነው፣ እማዬን ፊት አስቀድሙ። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አባ በትረ ማርያም ከመቋሚያቸው ነው ቡናውም ጌሾውም ሎሚውም የበቀለው ይባላል፣ ዘጌ ውስጥ በሬ ጠምዶ ማረስም የለም፣ ጫካው ቡና ይዞ እስከዛሬ የቆየው ለዚህ ነው። መቅደሱ ዙሪያ ያለው ሥዕል ግን ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ልጆቹ ይሰለቻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ በላዔ ሰብእን ሲያዩ ግን ቀሩ። እማዬ 78 ሰው የበላውን ሰውዬ በጥርኝ ውሃ እንዴት እንደዳነ በአማርኛ ስትነግራቸው፣ ወንድሜ በእንግሊዝኛ ሲያስተረጉም፣ ትልቁ ልጅ የገዛ ቤተሰቡንም ነው የበላው? እያለ፣ እዛው ቆመን ዋልን። አስጎብኚው ራሱ ዝም ብሎ እማዬን ያዳምጥ ጀመር። ነጠላ ያዙ፣ ሴቶች ቀሚስ ልበሱ፣ ጫማ ይወለቃል።

ምሳ ጀልባው ላይ ነው የበላነው። እኔ ከሰል ምድጃ ይዤ ቡና ልናፈላ ነበር ሀሳቤ፣ ካፒቴኑ እሳት ጀልባ ላይ አይሆንም ብሎ እቅጩን ነገረኝ፣ ቤንዚን አጠገብ ነው፣ ልክ ነው፣ ስለዚህ ቡናውን በፔርሙዝ ያዙ። የዶሮ ወጡን እማዬ በምሳ ዕቃ አሽጋ ነበር፣ ሲከፈት ጀልባዋ ስትወዛወዝ አንዱ እንቁላል ተንከባለለና ወንበር ስር ገባ፣ ካፒቴኑ አብሮን እንዲበላ ለመንነው፣ እምቢ እምቢ ብሎ በላ።

ልጆቹ ካሪቢያን ቨርጂን ጎርዳ የምትባል ደሴት ላይ ትላልቅ ቋጥኞች መሀል ዋኝተው ስለነበር እዚህም እንግባ ብለው አስቸገሩ። አይሆንም። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት፣ እግር እንኳን ባይነከር ይሻላል፣ ይሄን ከመሄዳችሁ በፊት ለልጆቻችሁ ንገሯቸው አለዚያ መንገዱ ሁሉ ለቅሶ ነው። ጥልቀቱስ ሲሉት ካፒቴኑ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው አላቸው፣ ያኔ ተስፋ ቆረጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ የምመክረው፣ በጠዋት ተነሱ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ላይ ውሃ ላይ ሁኑ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ሀይቁ ይናወጣል። ደላላው እስከ አስር ሰዓት የናንተ ናት ብሎን ነበር፣ ካፒቴኑ ግን ስምንት ሰዓት ሳይሆን እንመለስ አለ፣ ወንድሜ የከፈልኩበት ሰዓት ነው ብሎ ሊከራከር ሲል ሚስቱ ፌስታሉን አስታወሰችውና ዝም አለ። ስንመለስ ማዕበሉ ጀምሮ ነበር፣ ውሃ ፊታችን ላይ እየረጨ ነው የገባነው።

ስለዚህ ደላላ አትያዙ፣ ራሳችሁ ወደ ጀልባ መነሻው ውረዱ፣ ከካፒቴኑ ጋር ተነጋገሩ፣ የምትሄዱባትን ጀልባ በዓይናችሁ እዩ፣ የልጅ ጃኬት አውጡ በሉት፣ የሚወስዳችሁን ቦታ በስም አስጽፉ፣ ቀብድ ከዛ በኋላ። የዛን ሳምንት የጸጥታውን ሁኔታም ከነሱ ጠይቁ፣ ወዴት እንደሚኬድና እንደማይኬድ ከማንም በላይ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

እማዬ አሁን ናርጋ ሥላሴን ሳላይ ብላለች። ደቅ ደሴት ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ሴትም ይገባል፣ ግን ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ነው። ካፒቴኑን ደውዬ ጠየቅኩት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ካልተነሳን አልሄድም፣ የልጅ ጃኬት ደግሞ ከራሱ ገዝቶ እንዲያስቀምጥ ለጀልባዋ ባለቤት እንነግረዋለን ብሏል፣ ወንድሜን በዛ ሰዓት የሚቀሰቅሰው ሰው ግን ገና አልተገኘም።