ለኤዲ መርፊ ብላችሁ ይህን ፊልም እንዳትከራዩ

የኤዲ መርፊ ወዳጆች፣ ይህ ማሳሰቢያ በተለይ ለእናንተ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡን ሰብስቤ «ዘ አድቬንቸርስ ኦፍ ፕሉቶ ናሽ»ን ከአንድ የፊልም ማከራያ ድረ ገጽ ተከራየሁ። 95 ደቂቃ ነው። ከልቡ የሳቀ ሰው አልነበረም። እህቴ ገና ግማሽ ላይ ሳይደርስ ተነስታ ቡና ማፍላት ጀመረች።

እኔን ያታለለኝ ፖስተሩ ላይ ያለው ፊት ነው። ኋላ ላይ ስለ ፊልሙ ሳነብ ግን በጣም ተናደድኩ። ለመሥራት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶበታል። በ2002 እ.ኤ.አ. ለእይታ ሲበቃ ከዓለም ሲኒማ ቤቶች ሁሉ የሰበሰበው ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ከዚያችም ላይ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ያነሳሉ። በሆሊዉድ የኪሳራ ታሪክ ስሙ እስከዛሬ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ታሪኩ ሲያወሩት ደስ ይላል። ዘመኑ 2087 ነው፤ ሰው ጨረቃ ላይ ከተማ ቆርቁሯል። ከእስር የወጣ ኮንትሮባንዲስት የምሽት ክለብ ይከፍታል። ክለቡን ሽጥ ሲሉት እምቢ ይላል፣ ያፈነዱበታል፣ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ሩጫና ተኩስ ነው።

ኤዲ መርፊን የወደድነው በአፉ ነው። «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ላይ ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉር አስተካካዩንም ሽማግሌውንም ሆኖ ሲከራከር የነበረው ሰው እዚህ የለም። የሚናገረው ቀልድ አልተጻፈለትም። ዳይሬክተሩ ሮን አንደርዉድም ጀማሪ አይደለም፤ በ1991 «ሲቲ ስሊከርስ»ን የመሰለ የተሳካ ኮሜዲ ሠርቷል። ስለዚህ በስም ብቻ አትመኑ።

ምልክትም ነበረው። ቀረጻው የተጀመረው በ2000 ነው፤ ፊልሙ ግን እስከ ነሐሴ 2002 ድረስ ሳይወጣ ቆየ። እንዲህ የተንከባለለ ፊልም ስታዩ ቆም በሉ።

አንዳንዶች «መጥፎነቱ ራሱ ያስቃል» ይላሉ። እኔ አላየሁበትም፤ ድብርት ብቻ ነው። የግድ ካጓጓችሁ ማስታወቂያውን በነፃ እዩት፣ ይበቃችኋል። እኛ ገንዘባችን እንዲመለስ ብንጠይቅ «አንዴ ማየት ከጀመራችሁ አይመለስም» ተባልን።