አዲስ ባትሪ የተገጠመለት አሮጌ ሞተር ሳይክል ስትገዙ ተጠንቀቁ

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ልትገዙ ሄዳችሁ ሻጩ «ባትሪው ገና ትናንት የተቀየረ ነው፤ ምንም ወጪ የለባችሁም» ካላችሁ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። የድሮው ባትሪ ዕድሜውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ደጋግሜ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሞተር ሳይክሉ ባትሪ መሙላት ካቆመ ቆይቷል፤ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ (ስቴተሩ) ተቃጥሏል ወይም ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ (ሬጉሌተሩ) ሞቷል። ለአሮጌ ሞዴል መለዋወጫው ቶሎ አይገኝም፤ ቢገኝም ውድ ነው። ስለዚህ ሻጩ ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ይገጥምና ገዢው ፊት ያስነሳዋል። መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮኻል፣ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል። ሁሉም የሚበላው ከባትሪው ነው። ስም ተዛውሮ፣ ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ገዢው ቤቱ ከገባ በኋላ ባትሪው ይደክማል።

የእህቴ ልጅ ከአንድ ጋራዥ የገዛው እንዲህ ያለውን ነው። ባትሪው ሲሞትበት ወደ ሻጮቹ ቢመለስ «የባትሪው የፋብሪካ ችግር ነው» ብለው ሌላ ሸጡለት። ያም ሞተ፤ አሁንም ሌላ ሊሸጡለት ተዘጋጅተው ነበር። ኮርቻውን አንስቼ ሳይ የሬጉሌተሩ ሶኬት ቀልጦ ቡናማ ሆኗል፤ በላዩ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። በፊውዙ ቦታ የተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ ተሰክቷል። ፊውዝ የሚበጠሰው የቀረው እንዳይቃጠል ነው፤ የመዳብ ሽቦ ግን አይበጠስም፤ ሾርት ሲፈጠር የሚነደው ሞተር ሳይክሉ ራሱ ነው። ፕላስተሩን የጠቀለለ እጅ ከሥሩ ያለውን ሳያይ አልጠቀለለም።

ይህን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ርካሽ መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ይበቃል። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆይ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያህል ያሳያል። ከዚያ አስነሱትና ነዳጅ ስጡት። ቁጥሩ ወደ 14 ቮልት አካባቢ መውጣት አለበት። ነዳጅ እየሰጣችሁት እዚያው 12 ላይ ከቀረ ወይም ጭራሽ ከወረደ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አቅቶታል፤ ባትሪውን አፍልቶ አምፖሎቹን ይፈጃል። አንዳንድ የድሮ ሞዴሎች ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ ለእነሱ ቁጥሮቹን በግማሽ አስቡ።

«በእግር ሲመታ ይነሳል እኮ!» ይሏችኋል። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉ ብዙ የድሮ ሞተር ሳይክሎች የካንዴላውን እሳት የሚያገኙት ሞተሩ ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔት ስለሆነ ባትሪው ሞቶም ይነሳሉ። መነሳቱ ስለ ቻርጁ ምንም አይነግራችሁም።

ገዝታችሁ ከሆነና አጥፊው ስቴተሩ ይሁን ሬጉሌተሩ ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በብዙ የጃፓን ሥሪቶች ላይ ከስቴተሩ ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ይወጣሉ። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ መልቲሜትሩን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ (AC) ላይ አድርጋችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን ለኩ። ሦስቱም ልኬቶች ተቀራራቢ ሆነው ነዳጅ ሲሰጥ አብረው ከጨመሩ ስቴተሩ ይሠራል፤ ፊታችሁን ወደ ሬጉሌተሩና ወደ ሽቦዎቹ አዙሩ። አንዱ ከቀሩት ከተለየ፣ ወይም ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ ከሽቦዎቹ አንዱ ከሞተሩ አካል ጋር ከተገናኘ፣ ስቴተሩ አልቆለታል። ይህን ሳታረጋግጡ ሌላ ባትሪ አትግዙ።

ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ፦ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ ካላያችሁ አትግዙ። ስትደርሱ ሲሊንደሩን ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠዋት ጠዋት አልነሳም የሚል ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ቀን ተመለሱ። ባለ ሁለት ስትሮክ ዘይትና ቤንዚን አብሮ ስለሚያቃጥል ጥቂት ሰማያዊ ጭስ አያስደነግጥም። ባለ አራት ስትሮክ ሰማያዊ ካጨሰ ግን የፒስተኑ ፋሻ ወይም የቫልቩ ጎሚኒ አልቋል፤ ጭሱን ለመደበቅ ወፍራም ዘይት የሚሞሉ አሉ። ካንዴላውን አስፈትታችሁ እዩ፤ ደረቅ ጥላሸት የካርቡራተር ወይም የአየር ማጣሪያ ችግር ነው፣ ዘይት የጠጣ ከሆነ የሞተሩ ነው። ካንዴላውም እንደ ባትሪው አዲስ ከሆነ አሮጌውን አምጡ በሉ።

የሻሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማስተያየት የታወቀ ነው። ውሉ ላይ ግን «ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ሐረግ ካለ የለካችሁትን ቮልት ከጎኑ አስጽፉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭና ገዢ የጉድለት ዋስትናን (ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ያለበትን ኃላፊነት) በስምምነት እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ ግን ስምምነቱ አይጸናም። የእህቴ ልጅ አሁን የያዘው ይህንኑ ክርክር ነው። የቀለጠውን ሶኬትና የመዳብ ሽቦውን ሳንነካ ፎቶ አንስተን፣ ከሌላ ጋራዥ ልኬቱን በጽሑፍ ተቀብለን ለሻጩ ማስታወቂያ ሰጥተነዋል። በእናንተም ላይ ከደረሰ ሳታስጠግኑ በፊት ይህን አድርጉ፤ ከተጠገነ በኋላ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።