ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ምንጣፍ ማሳጠብ ለምትፈልጉ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምንጣፍ የት ላሳጥብ እያላችሁ ለምትጠይቁ እኔ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ስትሄዱ መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረች ትንሽ ግቢ አለች፣ ስም የላትም፣ አጥሩ ላይ «ምንጣፍ እናጥባለን» ብቻ ነው የሚለው።

የወሰድኩት እማዬ የሰጠችኝን የደብረ ብርሃን ምንጣፍ ነው፣ በእጅ የተሠራ፣ ንጹህ የበግ ፀጉር፣ 2 በ3። አምና ሌላ ቦታ አሳጥቤው በረኪና ነክተውት አንዱ ጥግ ቢጫ ሆኖ ፀጉሩ እየተሰባበረ መርገፍ ጀምሮ ነበር። በረኪና የበግ ፀጉር እንደሚበላ ያኔ ማን ነግሮኝ! ሙቅ ውሃም እንደዛው ነው፣ በሙቅ ውሃ ከታሸ ይኮማተርና በቃ አይመለስም። ስለዚ ዘንድሮ ስወስደው በጣም ፈርቼ ነበር።

ልጁ ግን ሳይቀበለኝ በፊት ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ከዛ ከዘርፉ አንዲት ክር መዘዘና በክብሪት ለኮሳት፣ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ አመዱን በጣቱ አደቀቀውና «እህቴ ይሄ የበግ ነው፣ ፕላስቲክ ቢሆን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥር ነበር» አለኝ። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ አርሶ ቀዩ ላይ ተጭኖ ያዘ፣ ሲያነሳው ትንሽ ሮዝ ሆኗል፣ «ቀለም ይለቃል፣ አንዘፈዝፈውም፣ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ነው የምናጥበው» አለ። እዛ ጋ አመንኩት።

ውሃ ሳይነካው ገመድ ላይ ሰቅለው ከጀርባው በኩል በዱላ ሲመቱት የወጣው አቧራ አስደነገጠኝ፣ በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ እኮ! ለካ ያ ደቃቅ አሸዋ ሥሩ ገብቶ በረገጥነው ቁጥር ክሩን እየቆረጠው ነበር። ቡና ከፈሰሰም አትሹት አለኝ፣ ደረቅ ጨርቅ ጫን እያደረጉ መምጠጥ ነው፣ ካሻሹት ወደ ውስጥ ይገባል።

ዋጋው በካሬ 100 ብር ነው፣ ለ6 ካሬ 600 ከፈልኩ። ያልወደድኩት ሦስት ቀን ብለው አምስት ቀን ማቆየታቸውን ነው፣ እንግዳ ነበረብኝና ደውዬ ተቆጣሁ፣ እሱ ግን «ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ገና እርጥብ ነው፣ ዛሬ ብሰጥሽ ቤትሽ ገብቶ ይሻግታል» ብሎ እምቢ አለኝ። ሲመጣ ምንም ሽታ የለውም፣ ቀዩ እማዬ ቤት ሳለ እንደማውቀው ሆኗል፣ እጄን እየሰደድኩ ስዳብሰው ቆየሁ። ቢጫው ጥግ አልተመለሰም፣ እሱንም ገና ስወስደው ነግሮኛል።

ማመላለሻ የላቸውም፣ ባጃጅ ራሳችሁ ያዙ። የበግ ፀጉር ከሆነ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ውሰዱ፣ ፀሐይ ስለማይኖር ከሰኔ እስከ መስከረም አይቀበሉም።