ለጋሼ ምስጋና፣ ትምህርት ቤት ለምትመሩ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማመሰግነው አንድ ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ልጄ የምትማርበት አዲስ አበባ ያለ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህራንን ሲያግዙ ቆይተዋል። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። «ስሜን ከጻፍሽው አዲስ ስልክ ቁጥር ታወጪልኛለሽ» ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የወላጅ ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ ሥራቸውን በቅርብ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። በ2017ም ቢሆን ቁጥሩ የደረሰው 8.4 በመቶ ላይ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ከዚህ ይሻላል። ቢሆንም ወላጅ ደነገጠ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ወሬው አንድ ሆነ፦ ቱቶሪያል ይጨመር፣ ቅዳሜም ይማሩ፣ ወርክሺት ይብዛ። ርዕሰ መምህሯ ሲስተር ግን ሌላ ነገር አሰቡ። ጋሼን አመጡ።

በአገራችን አንድ ሰው ማስታወሻ ደብተር ይዞ ክፍል ከገባ ግምገማ መጣ ነው የሚባለው። መምህሩ ይደነግጣል። ልጆቹም ለዚያን ቀን ብቻ ጨዋ ይሆናሉ። በዓመት 60 ሰዓት የሚጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም በብዙ ቦታ ፋይል ማወፈሪያ ሆኖ ቀርቷል። ጋሼ ይህን አሳምረው ያውቁታል። ፕላዝማው (በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት) እያስተማረ መምህሩ ጎን ቆሞ የሚያይበትን ዘመንም መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አሳልፈዋል። ስለዚህ የማንንም ፖርትፎሊዮ አልጠየቁም። የማንም ክፍል አልገቡም። መጀመሪያ መምህራኑን ከኋላ አስቀምጠው ራሳቸው አስተማሩ።

ርዕሱ ሞል ነበር። ኬሚስትሪ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ 6.02 ሲባዛ በ10 ኃይል 23 የምትባለው ቁጥር ብዙ ልጅ አስፈራርታለች። ጋሼ አንድ ደርዘን ባቄላና አንድ ደርዘን ምስር ይዘው ገቡ። አስቆጠሩ፣ የላብራቶሪ ሚዛን ላይ አስመዘኑ። ብዛቱ እኩል፣ ክብደቱ ለየቅል። ሞልም እንደ ደርዘን የብዛት መቁጠሪያ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ያችው አስፈሪዋ ናት። አንድ ሞል የካርበን አቶም 12 ግራም፣ አንድ ሞል የኦክስጅን አቶም 16 ግራም የሚመዝነው ለዚህ ነው።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ «በሉ አሁን ተናገሩኝ» አሏቸው መምህራኑን። ዝም። ታላቅ ሰው ፊት ለፊት ይተቻል እንዴ? በመጨረሻ አንዲት ወጣት የባዮሎጂ መምህርት ደፈረች። «ጋሼ፣ የጠየቁት ከፊት ያሉትን ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል ያሉት ባቄላውን እንኳ አላዩትም።» ጋሼ ጻፉት። በማግስቱ ለሌላ ሴክሽን ያንኑ ትምህርት ልጆቹን በቡድን በቡድን አድርገው ደግመው አስተማሩ፤ ያቺው መምህርት ከኋላ ቁጭ ብላ። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት።

ከዚያ በኋላ «እስቲ የእኔንም ክፍል ይዩልኝ» የሚል መጣ። ቀስ በቀስ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የሒሳቡ መምህር ታሪክ ክፍል ይገባል፣ የታሪኩ ሒሳብ ክፍል። የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅ ዛሬ ምን ይዞ ወጣ? ስለ መምህሩ አለባበስና ስለ እጅ ጽሑፉ ማንም አያነሳም። የተባለውም ወደ ቢሮ አይሄድም፤ ከደመወዝና ከዕድገት ጋር አይገናኝም። መምህራኑን ያስተነፈሰቻቸው ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ባይ ነኝ።

የፈተና እርማቱም ተለወጠ። ድሮ የሚቆጠረው ስንት ልጅ እንዳለፈ ነበር። አሁን ያልመለሱት ልጆች የትኛውን የተሳሳተ መልስ እንደመረጡም ይታያል። ለምሳሌ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው? ብዙ ልጅ ዜሮ ይላል። ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቱ ነው። አክስለሬሽኑ እዚያ ጫፍ ላይም ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ወደ ታች ነው፤ ስበት እረፍት አያውቅም። እንግዲህ ግማሽ ክፍል ዜሮን ከመረጠ ልጆቹን ሰነፍ ማለት አያዋጣም። መምህሩ ያንን ቦታ በሌላ መንገድ ማስተማር አለበት። ሳይገባቸው ቅዳሜ ሠላሳ ጥያቄ ቢሠሩ ስህተቱን ሠላሳ ጊዜ ተለማመዱት ማለት ነው። ልጄ አሁን እራት ላይ ሳይቀር «እሺ፣ ሐ ለምን አይሆንም?» እያለች ታደርቀናለች።

ስለ ግቢው ኑሮ ካላወራሁ ግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ነው። መምህር ለባልደረባው ክፍሉን የሚከፍተው ሲግባባ ነው። ቀደም ሲል የመምህራኑ ክፍል በዲፓርትመንት የተከፋፈለ ነበር። አዲስ የተቀጠሩት ሻያቸውን በር ላይ ቆመው ነበር የሚጠጡት። ሲስተር ማክሰኞ ማክሰኞ ቡና እንዲፈላ አደረጉ። ጥበቃዎቹም፣ የጽዳት ሠራተኞቹም፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛም ይጠራሉ። የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ መጀመሪያ የተሰማው ከጥበቃው አፍ ነው።

ሲስተር የዶን ቦስኮን ነገር ይወዳሉ። ዶን ቦስኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ቱሪን ውስጥ ምስኪን ልጆችን ሰብስበው ያስተምሩ የነበሩ ካህን ናቸው። አስተማሪ በዕረፍት ሰዓትም ከልጆቹ መሃል መገኘት አለበት የሚል እምነት ነበራቸው። አሁን መምህራን በዕረፍት ሰዓት በተራ ሜዳ ላይ ይውላሉ። አርጩሜ የለም። የሒሳቡ መምህር ለካ ቅርጫት ኳስ ላይ አንደኛ ነው!

ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ካቶሊክ ትምህርት ቤት የካቶሊክ ልጆች ብቻ የሚማሩበት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአገራችን ካቶሊኮች ከሕዝቡ አንድ በመቶ አይሞሉም። እኛ ጋ ክፍሎቹን የሞሉት የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ልጆች ናቸው። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ፈተና አይመደብም። ካፌው በጾም የጾም ምግብ ይሠራል። ሁሉም በየተራ ሳሙናና ዳይፐር ይዘው ስድስት ኪሎ ወዳለው የማዘር ቴሬዛ የሕሙማንና የድሆች መጠለያ ይሄዳሉ። ከዚያ ጉብኝት በኋላ የ11ኛ ክፍሎቹ «ለምን እዚሁ ያሉትን አንረዳም?» ብለው የ9ኛ ክፍሎችን ማስጠናት ጀመሩ። ሐሳቡ የራሳቸው ነው። ጋሼ ጥግ ይዘው ያዳምጣሉ። ልጆች ለመምህር ያልነገሩትን ለታላቆቻቸው ይናገራሉ። ጋሼ የማንንም ስም ሳይጠሩ «ይህቺ ቦታ አልገባቻቸውም» ብለው ለመምህሩ ያደርሳሉ።

ጋሼ መልአክ ናቸው እያልኩ አይደለም። ወሬ ይረዝምባቸዋል። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ኮሚቴውንም ብዙ አይሰሙም። የልጆች ደረጃ በየወሩ ይለጠፍ ያለችን እናት «እርስዎስ መሥሪያ ቤትዎ ደረጃዎን ይለጥፋል?» ብለው አስኮርፈዋታል። እኔ በሆዴ ስቄአለሁ።

አሁን ጥቆማው። ምሳና ሰርተፊኬት ያለው የአንድ ቀን ሥልጠና የምትፈልጉ ከሆነ ጋሼ አይሆኗችሁም። ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ይፈልጋሉ። ርዕሰ መምህሩም ራሱ አስተምሮ እንዲታይ ይጠይቃሉ፤ ይህን ሰምተው ሐሳባቸውን የቀየሩ አሉ። የመንግሥት፣ የግል፣ የቤተ ክርስቲያን ብለው አይመርጡም። ክፍያው በስምምነት ነው። ጡረተኛ ስለሆኑ በነጻ ያገለግሉናል ብላችሁ እንዳትደውሉ፣ እባካችሁ።

ለሲስተርና ክፍላቸውን ለከፈቱት መምህራንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሲስተር ደጋግመው የሚያነሱት ነገር አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ዓላማ መሳካት በአብዛኛው የሚወሰነው በመምህራኑ ነው ብሏል። እንግዲያው የኮሚቴ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ደመወዛቸውም እናንሳ።

ጋሼን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የትምህርት ቤቱን ስምና ምን ያህል መምህራን እንዳላችሁ ጨምሩበት፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስለ ልጅ ምዝገባ ግን አትጠይቁኝ። ቦታ የማስገኘት አቅም የለኝም፤ ማስታወቂያው ጊዜው ሲደርስ በር ላይ ይለጠፋል።