ኢቫ ፎም ለጥሩር፦ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

ቤት ውስጥ የተዋጊ ጥሩር ለመሥራት ከኢቫ ፎም፣ ማለትም እንደ ስፖንጅ ከሚለጠጠው የፕላስቲክ ሉህ፣ የተሻለ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ቀላል ነው። በከተር ይቆረጣል፣ ሲሞቅ ይታጠፋል፣ ሲበርድ በያዘው ቅርፅ ይቀራል። የድሮው ሙሉ የብረት ጥሩር ከ15 እስከ 25 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ የፎሙን ግን ከራስ ቁር እስከ ጉልበት መሸፈኛ ለብሳችሁ ደረጃ ትወጣላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ከፈለጋችሁም ትጨፍራላችሁ።

ችግሩ ኢቫ ፎም እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው ሲገዛ ውፍረቱን ብቻ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እፍጋቱን፣ ማለትም ምን ያህል ጥቅጥቅ ያለ መሆኑን ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ፎሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ይመስላሉ፤ ሲቆረጡና ሲሞረዱ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ለኮስፕሌይ (የፊልምና የጨዋታ ገጸ ባሕርያትን መስሎ ለመልበስ) ተብሎ የሚሸጠው ጥቅጥቅ ያለው ፎም በሜትር ኩብ 100 ኪሎ አካባቢ ነው። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀው በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ጥሩው ጠንከር ብሎ ይመልሳችኋል፣ ወዲያውም ይስተካከላል። የላላው ስርጉድ ይልና የጣታችሁን ምልክት ይዞ ይቆያል።

ብዙ ጀማሪ የሚገዛው እንደ እንቆቅልሽ እየተገጣጠመ ወለል ላይ የሚነጠፈውን ምንጣፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ ለደረት፣ ለጀርባና ለጋሻ በደንብ ይሠራል። ግን አንድ ፊቱ ሸካራ ንድፍ ስላለው ያንን ፊት ወደ ውስጥ ማዞር ግድ ነው። እፍጋቱም ላላ ያለ ስለሆነ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ስትሞርዱት ጸጉር ያወጣል እንጂ አይለሰልስም። አዲሱ ሲከፈት ደግሞ ይሸታል። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2010 ፎርማማይድ የሚባል ኬሚካል ያለባቸውን እንዲህ ያሉ የልጆች ምንጣፎች ከገበያ ያስወጣችው በምክንያት ነው፤ ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ዘርግታችሁ ሽታው እስኪጠፋ አቆዩት።

በጥቅል ወይም በሉህ የሚሸጠው ጥቅጥቅ ያለው ፎም ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ለክንድ፣ ለትከሻና ለራስ ቁር ሌላ ነገር አልገዛም። ሁለቱም ፊቱ ልሙጥ ነው። 5 ሚሊ ሜትሩ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል። 10ሩ ክብደት ያለው እንዲመስል ለምትፈልጉት ክፍል ነው፣ 2ቱ ደግሞ ለጌጥና ለጠርዝ። ገንዘብ ከጠበባችሁ ደረትና ጀርባውን ከምንጣፍ ሥሩትና ሰው ቀርቦ የሚያየውን ክፍል ከጥሩው ፎም ሥሩ። እኔ ከማውቃቸው አማራጮች ሁሉ ዋጋውንና ውበቱን አንድ ላይ የሚያስታርቀው ይሄ ነው።

ስለ ከተር ብዙ አልልም፤ ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ፎም ምላጭ ያደንዛል፣ የደነዘ ምላጭ ደግሞ ፎሙን ይቦጭቀዋል። ቅዱን ለማውጣት ሰውነታችሁን በምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከላዩ ፕላስተር አስለጥፉ፣ መስመሩን በማርከር አሥሉና ቆርጣችሁ አውጡት። የሚያግዛችሁ ሰው ያስፈልጋል። ፎሙ ራሱ ውፍረት ስላለው ቅዱን ልክ በልክ ከቆረጣችሁት ይጠብባል፤ ትንሽ ጨምሩበት።

አሁን ወደ ሙጫው፣ ምክንያቱም ጥሩርን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም እሱ ነው። ሆት ግሉ በሚባለው የሙቅ ሙጫ ሽጉጥ መጋጠሚያ አትሥሩ። ፈጣን ነው፣ ግን መገጣጠሚያው ላይ ወፍራም ጉብታ ይተዋል፣ ጠንካራ ፀሐይ ሲያገኘው ተመልሶ ይለሰልስና ትከሻችሁ ሰው መሃል ሊወልቅ ይችላል። ለመጋጠሚያ ማስቲሽ ነው። በሁለቱም ጠርዝ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 10 ደቂቃ ያህል ታገሡ፣ በጣት ሲነኩት ክር ማውጣት ሲያቆም አጋጥሙት። አንዴ ከተነካካ መልሶ ማንሸራተት የለም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች አስቀድማችሁ ያዙና ወደ መሃል እየተጫናችሁ ሂዱ። በደንብ የተያዘ መጋጠሚያ ሲጎተት ከሙጫው በፊት ፎሙ ነው የሚቀደደው። ይሄን ጥንካሬ ሌላ ሙጫ አልሰጠኝም።

እባካችሁ የማስቲሽን ትነት አትናቁ። መስኮት ከፍታችሁ፣ ከተቻለ ደጅ ወጥታችሁ ሥሩ። ተራ የአቧራ ማስክ ትነት አያስቀርም፣ የሚያስቀረው ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው። በሞተር ስትሞርዱ የሚወጣውን አቧራ ግን ተራው ጥሩ ማስክ ይይዘዋል። እሳትም አታቅርቡበት፣ ማስቲሽ ተቀጣጣይ ነው።

ቅርፅ ማውጣቱ በሙቅ አየር ማሽን ነው፣ ሂት ገን የሚሉት። ማሽኑን ሳታቆሙ እያንቀሳቀሳችሁ ሁለቱንም ፊት አሙቁ። ፊቱ ትንሽ ማብረቅ ሲጀምር ደርሷል። ጉልበታችሁ ላይ ወይም ክብ ዕቃ ላይ አጉብጡትና እስኪበርድ ያዙት። ይህ ሙቀት ሌላም ጥቅም አለው፤ የፎሙን ቀዳዳዎች ይዘጋና ቀለም እንዳይመጥ ያደርገዋል። የጸጉር ማድረቂያ 2 ሚሊውን ምናልባት ያግዝ ይሆናል፣ ለ10ሩ ግን አቅም የለውም። ማሽኑ ርካሽ የሚባል ባይሆንም ያለሱ ጥሩር ሳይሆን ጠፍጣፋ ሳጥን ነው የምትለብሱት።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ፎሙ መታሸግ አለበት። ፕላስቲ ዲፕ ደርቆም የሚተጣጠፍ የጎማ ሽፋን ስለሆነ ክርንና ወገብ አካባቢ አይሰነጠቅም፤ ስስ ስስ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ንፉት። ነጩ የእንጨት ኮላም ይሠራል፣ በጣም ይረክሳል፣ በብሩሽ ይቀባል፣ ግን በሚታጠፍ ቦታ ይሰነጠቃል። ለራስ ቁር ኮላው ይበቃኛል። ለሌላው ፕላስቲ ዲፕ።

ብረት የሚያስመስለው ቀለሙ ሳይሆን አቀባቡ ነው። ጥቁር አክሪሊክ ከሥር፣ ከዚያ ብርማ ቀለም በብሩሽ ነክታችሁ አብዛኛውን በጨርቅ ጥረጉና ጉብ ጉብ ያለውን ብቻ ዳብሱት። ቀለሙ ጠርዙን ይይዝና ስንጥቁ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ውሃ የበዛበት ቡናማ ወደ ጉድጓዱ ብታፈሱና ከላይ ብትጠርጉት ያረጀ፣ ጦርነት ያየ ብረት ይሆናል። ይሄን ክፍል እወደዋለሁ፤ ፎም መሆኑን አውቃችሁ እንኳ እጃችሁ ቅዝቃዜ ይጠብቃል።

ድክመቱን ልንገራችሁ። ያልባችኋል፣ አየር አያስገባም፣ ስለዚህ ከሥሩ ስስ ጥጥ ልበሱ። ከባድ ነገር ከላዩ ከተቀመጠበት ይጨመደዳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከተዋችሁት ያጎበጣችሁት ትከሻ መልሶ ይዘረጋል። ስታስቀምጡት የደረቱን ውስጥ በጨርቅ ሙሉና ጥላ ቦታ አቁሙት። ከተቀደደ ያው ማስቲሽ ይመልሰዋል፤ ቀለሙን ነካ ነካ ካደረጋችሁት ቦታው አይታወቅም።